ስለ አንዲት ወፍ «በሕግ አምላክ» አልሁ

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017፣ ደብረ ታቦር

ዛሬ ታላቅ ወንድሜን «በሕግ አምላክ» ብዬ አስቆምሁት። ጠዋት ገጀራውን ይዞ መጣ፤ ጓሮዬ ያለውን የቀጋ ቁጥቋጦ መንጥሮ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት። ቁጥቋጦው ውስጥ ግን አንዲት ዓይኗን ነጭ ቀለበት የከበባት ትንሽ ወፍ ሦስት ጫጩት ፈልፍላለች። ጎጆዋ ከሲኒ አይበልጥም።

«ወንድም ጋሼ፣ እስኪበሩ ድረስ ታገሠኝ» አልሁት።

«ሐምሌ ካለፈ ችግኙ አይጸድቅም» አለና ገጀራውን አነሣ። ቃሉ ከአፌ የወጣው ያኔ ነው። እጁ እንደተነሣ ቀረ። ይህን ቃል ሰምቶ የሚያልፍ ሰው እዚህ አገር የለም።

ጎረቤቶቻችን ከአጥር ወዲያ ሆነው ሳቁ። «ለወፍ ደግሞ በሕግ አምላክ ይባላል?» አሉ። ይባላል። መሬቱ የአባታችን ቢሆንም ይኼኛው ድርሻ የኔ ነው። ኩዌት ሰባት ዓመት ሙሉ በሰው ቤት «እሺ ማዳም» ስል ኖሬያለሁ። የነበረኝን እሺ ሁሉ እዚያው ጨርሼ ነው የመጣሁት።

ወንድሜ «ዐረብ አገር አሳብዶ ላከሽ» ብሎኝ ሄደ። ነገ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፤ አውቀዋለሁ። ለሽማግሌዎቹ ወንበር አወጣለሁ፣ ጠላ እቀዳለሁ። መልሴ ግን ያው ነው።

እሱ ከሄደ በኋላ ጎንበስ ብዬ ቁጥቋጦውን አየሁ። ያ ሁሉ ጩኸት በላይዋ ሲወርድ እናቲቱ ከጎጆዋ ንቅንቅ አላለችም።

እኔም አልልም።