አላርሜን ያጠፋችው እጅ

የአክስቴ ልጅ፣ ትናንት የስልኬን አላርም እንድታጠፊ ማን ፈቀደልሽ? «ደክሟት ሳያት አሳዘነችኝ» ብለሽ ለእናትሽ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ። ሐኪሙ «ለደም ግፊትሽ በየጠዋቱ ሩጪ» ብሎ ሲያስጠነቅቀኝ አጠገቤ አልነበርሽም እንዴ? ሩጫ ያስጠላኛል! በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሎኝ አልወጣሁም፤ ዛሬም እየተነጫነጭኩ ወጥቻለሁ። ደስ እስኪለኝ ብጠብቅ አልጋዬ ላይ እቀራለሁ።

ጋዙን ዘግቼዋለሁ። ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው።
ትናንት በእናትሽ ፊት አንቺ ላይ መጮኼ ነውር ነበር፤ እሷን ይቅርታ እጠይቃታለሁ።
አንቺን ይቅርታ መጠየቄን ግን ገና አላውቅም።

ትናንት በጎረቤቶቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «አትሌቷ ዛሬ ለሽ ብላለች» ብለሽ ጻፍሽ፤ ሕንፃው ሁሉ ሳቀብኝ። ማን እንዳስተኛኝ ግን አልጻፍሽም። ሮጬ ሳልመለስ፣ እዚያው ግሩፕ ላይ፣ ሁሉም እያዩ መልሺ፦ አላርሙን ማን አጠፋው?