ተራዬን ለሰው ስለሰጠሁ ከግቢ መታገዴን ስለመቃወም

ለነዋሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥር 14

ጉዳዩ፦ በእኔ ላይ የተላለፈው እገዳ እንዲነሣና የታላቅ እህቴ የነዋሪነት ማረጋገጫ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

"ጉዳይ ሳይኖርዎት በየዕለቱ በመሥሪያ ቤታችን ቅጥር ግቢ እየተገኙ፣ የተቋሙ ሠራተኛ ሳይሆኑ ተገልጋዮችን ሲያስተናግዱ፣ የተራ ቁጥር ሲያቀያይሩና አግዳሚ ወንበሮችን ያለ ፈቃድ ሲያንቀሳቅሱ በመታየትዎ፣ በጥቅም የሚሠሩ ደላላ ስለመሆንዎ በቂ ጥርጣሬ አድሮብናል። ስለሆነም ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ጊዜ ጀምሮ ወደ ቅጥር ግቢው እንዳይገቡ የታገዱ መሆኑን እናስታውቃለን።"

ከላይ የሰፈረው ጥር 10 ቀን በእርስዎ ፊርማ የደረሰኝ ደብዳቤ ነው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ክቡር ኃላፊ፣

1. ደብዳቤው ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት መፈለግ ነው። የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ የሰው ስህተት ስለማገኝ ነው። ባለቤቴ እንደምትለው ከሆነ እቤት ስገባም ይህንኑ ሥራ በነፃ እቀጥላለሁ። ክሱ በአብዛኛው ትክክል ሆኖ አገኘሁት። በየዕለቱ ተገኝቻለሁ። ሰው አስተናግጃለሁ። ቁጥር አቀያይሬአለሁ። ወንበሮቹንም፣ አዛውንቶች ፀሐይ ላይ ሲንቃቁ አይቼ መታገስ ስላቃተኝ፣ ወደ ግንቡ ጥላ አስጠግቻለሁ። ሁለት ነገር ግን ሐሰት ነው፦ ጉዳይ አለኝ፤ ጥቅምም አልወሰድኩም። አንድ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር ከረሜላ ሰጥተውኝ በልቻለሁ። እሱ ጥቅም ከተባለ ይመዝገብብኝ።

2. ጉዳዬ የታላቅ እህቴ ጉዳይ ነው። እናታችን ስትሞት እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የወጣሁት እሷ በሰው ልብስ ስፌት ላይ አጎንብሳ ነው። ዛሬ በመርፌዋ ክር የምትሰካላት ጎረቤቷ ናት። ለዓይኗ ቀዶ ሕክምና ጥር 23 ቀን ተቀጥራለች፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ከጽሕፈት ቤትዎ የነዋሪነት ማረጋገጫ ካልመጣ አልቀበልም ብሏል። ሐኪሙ "ይህ ቀጠሮ ካለፈ ለግራ ዓይኗ ተስፋ አልሰጥም" ብሎኛል። የውክልና ወረቀቷን ይዤ በግቢዎ ስመላለስ የነበረው ለዚህ ነው።

3. እርግጥ ነው፣ ጉዳይ ያለው ሰው ይህን ያህል ጊዜ መስኮቱ ጋ ሳይደርስ መቅረቱ ያጠራጥራል። እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እጠረጥር ነበር። የሆነው ግን እንዲህ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ሾፌር የሽንት ሕመም አለባቸው። ተራቸው ሲቃረብ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሄዳሉ፣ ሲመለሱ አልፏቸዋል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ይጀመራል። "አባባ፣ እኛም እኮ ሰው ነን!" "ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ፣ ልጄ?" ይህን ከጠዋት እስከ ማታ መስማት ስላቃተኝ የእኔን ቁጥር ሰጥቼ የመጨረሻውን ተቀበልኩ። ለጽድቅ አልነበረም፤ ጆሮዬን ለማሳረፍ ነው። በማግስቱ ትኩሳት ያለበት ሕፃን ያዘለች እናት መጣች። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አንድ የግድግዳ ለሳኝ፣ ሲሚንቶ በደረቀበት እጁ ቅጹን ሲያገላብጥ አየሁና "አምጣው፣ ዓይኔ እያየ አታበላሸው!" ብዬ ነጠቅኩት። "ጋሼ፣ እዚህ ነው የሚሠሩት?" አለኝ። "አይደለም፤ እዚህ ነው የምናደደው" አልኩት። የሱን ስጨርስ ከኋላው ሌሎች ቆመው ነበር። መስኮቱም ተዘጋ።

4. ማታ ማታ እህቴ "ወረቀቱ ተገኘ ወይ?" ማለቷን ትታ "አንተ ልጅ፣ ዛሬስ ማንን አሳለፍክ?" ማለት ጀመረች። የሃምሳ ሦስት ዓመቱ ልጅ እኔ ነኝ። እየሳቀች ስለጠየቀችኝ እኔም እየሳቅኩ መለስኩላት፤ አሁን ሳስበው ሁለታችንም ፈርተን ነበር። ባለቤቴ ግን ፈገግ አላለችም፦ "የበላህበትን ሳህን የማታነሣ ሰውዬ፣ የመንግሥት ወንበር ታነሣለህ?" ብላኛለች።

ደግሞም እውነቱን ለመናገር ሥራው ጥሞኝ ነበር። ስገባ ሰው "መጡ" ይል ጀመር። እስክሪብቶ በክር አስሬ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ስሕተት የሠራ ሰው ላይ እጮህ ነበር፤ አንዲት ሴት "ወንድሜ፣ ደግነትህ ደህና ነው፣ ድምፅህን ቀንስልን" ብላኛለች። ትክክል ናት።

5. ወደ ከባዱ ልግባ። ጥር 8 ቀን ጠዋት ግራጫ ኮት የለበሱ ሰው ሰልፉን ሰንጥቀው ሲያልፉ ክንዳቸውን ይዤ "ሰውዬ፣ ሌላው የቆመው እግር ስለተረፈው ነው?" ብዬ ወደ ኋላ የመለስኩት እኔ ነኝ። ግራጫው ኮት የእርስዎ መሆኑን ያወቅኩት፣ ከሰልፉ ጭራ ቆመው ሳለ ጸሐፊዎ ሮጣ መጥታ "ጌታዬ፣ ምን ሆነው ነው?" ስትልዎት ነው። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ክንድዎን መያዜ ነውር ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰልፍ ስለማክበር በተናገርኩት ግን ይቅርታ አልጠይቅም። እርስዎም ሳይቆጡ ቆመው ነበርና፣ የሚስማሙ መስሎኛል። እገዳው በሁለተኛው ቀን መድረሱን ከዚህ ጋር ላለማያያዝ እየታገልኩ ነው።

6. እኔ በደላላነት መጠርጠሬ ሊያስቀኝ ይችላል። የማያስቀኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የደብዳቤው ቅጂ ተባዝቶ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የተለጠፈውም ጽሕፈት ቤትዎ ራሱ ካሰቀለው "ለጎረቤት መድረስ የሁላችንም ኃላፊነት ነው" ከሚለው ትልቅ ጨርቅ ሥር ነው። ትናንት ለሳኙ እቤቴ ድረስ መጥቶ ነገረኝ፦ "ጋሼ፣ ሾፌሩ ዛሬም ተራቸው አለፈባቸው። ማንም ቁጥሩን አልሰጣቸውም። 'እኛንም ደላላ ብለው ይለጥፉናል' ነው የሚሉት። እኔም ፈራሁ፣ አልዋሽዎትም።"

ክቡር ኃላፊ፣ ሰው ለሰው ከመቀመጫው ለመነሣት ደብዳቤ አያስፈልገውም ነበር። ላለመነሣት ግን አሁን ደብዳቤ ተገኝቶለታል። እኔን መቅጣት መብትዎ ሊሆን ይችላል፤ በእኔ ሰበብ መቶ ሰው ዓይኑን እንዲጨፍን ማስተማር ግን የማንም ሥልጣን አይደለም።

7. ለሳኙ የእህቴን ወረቀት ይዞልኝ ገብቶ ነበር። መስኮቱ "ወኪሉ ራሱ ይቅረብ" ብሎ መለሰው። ወኪሉ እኔ ነኝ፤ እኔን ደግሞ ጥበቃው አያስገባም። ጥበቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ "ወንድም ጋሼ፣ የእንጀራ ነገር ነው" ብሎ የራሱን ዱካ አውጥቶ አስቀምጦኛል።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው፦ እገዳው ተነሥቶ፣ የተለጠፈው ቅጂም ወርዶ፣ የእህቴ ማረጋገጫ እንዲሰጠኝ ነው። ከተቻለም መጻፍ ለሚያስቸግራቸው የሚጽፍ፣ ለታመሙትም ቅድሚያ የሚሰጥ አንድ ሠራተኛ ይመደብ፤ ያን ጊዜ የእኔ ዓይነቱ ሰው ራሱን አይሾምም። ወንበሮቹ ከጥላው እንዳይነሡም እለምናለሁ። "ከእንግዲህ ተራዬን ለማንም አልሰጥም" የሚል ቃል ኪዳንም ጽፌ ነበር፤ ባለቤቴ አንብባ "ሰውየውን አታታልለው" ስላለችኝ አውጥቼዋለሁ።

8. እህቴ ጥር 22 ማታ ሆስፒታል ትገባለች። በመሆኑም መልስዎ በጽሑፍ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት፣ እስከ ጥር 20 ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ እንዲደርሰኝ አጥብቄ እጠይቃለሁ። የቃል መልስ አልቀበልም። የሚጽፉትን እህቴ ፊት ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ስለሆንኩ፣ እባክዎ አጭርና ግልጽ ይሁን።

ካልበረደ ቁጣና ከእውነተኛ አክብሮት የመነጨ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

(ፊርማ)
አመልካቹ የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪ፣ የታላቅ እህቱ ወኪል