አውሎ ቅዳሜ ያልደረሰበት ምክንያት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

እንዴት ነሽልኝ? ብርድ ሲገባ የሚቆረጥምሽ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ባለቤትሽስ ሳሉ ለቀቀው? አማትሽ ደህና ናቸው ወይ፣ ዓይናቸውስ እንዴት ነው? ልጅሽ እንዴት ናት? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ጽሑፌ ተጣሞ ብታዪው አትደንግጪ። ቀኝ እጄ በፋሻ ስለተጠቀለለ ብዕሩን የያዝኩት በሁለት ጣት ነው። ድሮም ፊደል ላይ ቀርፋፋ መሆኔን ታውቂያለሽ፣ አሁን ደግሞ ባሰብኝ። የምጽፍልሽ የእንስሳት ሕክምናው ግቢ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። አውሎ ከግድግዳው ወዲያ ተኝቷል። አትክልት ጫኙ ሾፌር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ እናንተ ስለሚነሳ ደብዳቤውን በእሱ እጅ እልከዋለሁ። ነገ ጠዋት ሲመለስ መልስሽን ይዞልኝ ይምጣ። ከዚያ በላይ ጊዜ የለኝም።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ስታዪ እንደዋልሽ ሰምቻለሁ። ሾፌሩ ሰኞ ሲያገኝሽ «መኪናው ተበላሽቶ ነው» ብሎሽ ነበር አሉ። ስለ እኔ ብሎ ነው የዋሸው፣ አትቀየሚው። መኪናው ደህና ነበር።

ልጄ ከመብራት ምሰሶ ላይ ወድቆ ከተለየኝ ነገ አራት ወር ይሞላዋል። ለቅሶው ላይ «ውሻውን ለእኔ ስጪኝ፣ እዚህ ታፍኖ ይሞትብሻል፣ እኛ ጋ ሜዳ አለ» ስትዪኝ እምቢ ያልኩሽን ታስታውሻለሽ። እውነትሽን ነበር። አውሎ ቁጭ ማለት የማያውቅ ፍጥረት ነው። ልጄ በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቱ በፊት ወንዙን ይዞ ያስሮጠው ነበር፤ ሲመለሱ ማን ማንን እንዳስሮጠ አይለይም፣ ሁለቱም ምላሳቸውን አውጥተው ነበር የሚገቡት። እኔ «ይሄ ውሻህ ነው ወይስ አለቃህ?» ስለው «እማ፣ ይሄ ካልሮጠ ቤቱን ነው የሚበላው» ይለኝ ነበር።

እኔ ግን በሰንሰለት አሰርኩት። ምግብና ውሃ አላጎደልኩበትም፤ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ለካ አይበቃም። ግቢውን ቆፈረው፣ ቀን ሙሉ ጮኸ፣ አንድ ቀን ሰንሰለቱን በጥሶ የአከራዬን አዲስ ቀሚስ ከማስጫው ላይ ነጥቆ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረበት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው «እሷ ላይ እንዲህ አምሮ አያውቅም» ብሎ ሲስቅ አከራዬ ሰማችው፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከረረ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ውሻው ይወጣል፣ ካልሆነ አንቺ ትወጫለሽ» አለችኝ። አልፈርድባትም፣ ቤቱ የእሷ ነው። ውሰጂልኝ ብዬ የጻፍኩልሽ ያን ጊዜ ነው።

አሁን ቅዳሜን ልንገርሽ። ከቀብሩ በኋላ የልጄን ልብስ፣ ጫማውን፣ ወረቀቱን ሁሉ አንድ የብረት ሳጥን ውስጥ ከትቼ፣ ቆልፌ፣ አልጋዬ ሥር ገፍቼዋለሁ። የአውሎም ማሰሪያ አብሮ ገባ። አይተሽዋል፣ ደረቱንና ትከሻውን አቅፎ የሚይዘው፣ ልብስ ሰፊው ከወፍራም ጥብጣብ የሰፋለት። ቅዳሜ ጠዋት እሱን ላወጣ ቁልፉን ይዤ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ሳጥኑን ከከፈትኩት የልጄ ጠረን ወጥቶ የሚያልቅ መሰለኝ። ብዙ ቆየሁ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ሲነፋ ቁልፉን ትራሴ ሥር መለስኩና የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈትቼ ወጣሁ።

አንገቱ ላይ አሰርኩት። እንዳይጨንቀው ብዬ ገመዱን አስረዘምኩለት። መንገድ ላይ እንዳይርበው ብዬም ጠዋት እስኪጠግብ አብልቼው ነበር። ከእኔ ጋር ጋቢና ይግባ ስለው ሾፌሩ «ማዘር፣ ይሄ ጋቢና ከገባ መሪውን የሚይዘው እሱ ነው» አለኝ። እኔም አልተከራከርኩም። ከኋላ በባዶ ሣጥኖች መሃል አቆምነው፣ ገመዱን ከብረቱ ጋር አሰርኩት። አራት ወር ያልሮጠ ውሻ መሆኑን ማን አሰበ?

ከከተማው ወጥተን ብዙም ሳንርቅ አንድ ሞተር ብስክሌት እየጮኸ በጎናችን አለፈ። ልጄ ከሥራ የሚመለሰው በሞተር ነበር። አውሎ ምን እንዳሰበ እኔ አውቃለሁ። ዘለለ። ገመዱ የመኪናውን ጠርዝ ለመሻገር በቃው፣ መሬት ላይ ቆሞ ለመሮጥ ግን አልበቃውም። እኔ በዚያን ሰዓት ጋቢና ውስጥ ሾፌሩ ስለ አማቱ የሚያወራውን እየሰማሁ ነበር። ከአራት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያኔ ነው፣ እታለሜ። መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት «አቁም! ኧረ አቁም! ውሻውን ገደላችሁት!» ብላ ባትጮህ ኖሮ ምን ያህል እንጎትተው እንደነበር እንጃ።

ሾፌሩ ገመዱን በቢላዋ ቆረጠው። የፊት ግራ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ አንገቱ ተልጧል፣ ጠዋት ያበላሁትን ሁሉ እያስመለሰ ይታፈን ነበር። ላነሳው እጄን ስሰድ ነከሰኝ። በሕይወቱ ሰው ነክሶ አያውቅም። እጄ በደም ሲታጠብ ምን ተሰማኝ መሰለሽ? ይገባኛል ነው ያልኩት።

እዚህ ስንደርስ ሐኪሙ ከውሻው በፊት እጄን በሳሙናና በውሃ ረዘም ላለ ጊዜ አሳጠበኝ፣ ቀጥሎም ወደ ጤና ጣቢያ ላከኝ። የሁለቱም ቦታ ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዷል ወይ? ካርዱ የታለ?» ካርዱ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሄጄ ከፈትኩት። ለደህናው ሰዓት ያልከፈትኩትን ሳጥን ለደሙ ሰዓት ከፈትኩት።

ማሰሪያው ከላይ ነበር፣ እጅ ለመስደድ እንኳ አያስቸግርም ነበር። ካርዱ ከሥሩ፣ ክትባቱ ሁሉ በጊዜው የተሞላ። ከካርዱ ጋር አንድ ደብተር አገኘሁ። ልጄ ለዕረፍቱ አውሎን ይዞ ወደ አንቺ ሊመጣ አስቦ ኖሯል፤ በዚያ በምታውቂው ድቅቅ ባለ ጽሑፉ ሁሉንም ጽፎታል። ከመነሳታችን በፊት በደንብ ይሩጥ፣ ደክሞት ይተኛል ይላል። ምግብ ከጉዞው ብዙ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ውሃ ግን በየቆምንበት። አንገቱ ላይ በፍጹም፤ በደረት ማሰሪያው፣ አጠር ተደርጎ፣ መኪናው ውስጥ። ማሰሪያው እጅ ውስጥ ሳይገባ በር አይከፈት። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ለአንድ ደቂቃም አይተው። ከታች ደግሞ «እማ ይዛው መውጣት እንድትችል ቀስ በቀስ ላለማምዳት» ብሎ አስምሮበታል። አላለማመደኝም። ጊዜ አላገኘም።

የሥራ ጓደኞቹ ያሉኝን ታውቂያለሽ፤ ያን ቀን ምሰሶ ላይ የሚታሰርበት የደኅንነት ቀበቶው መኪናው ውስጥ ተረስቶ ነበር። ለውሻው ይህን ሁሉ ያሰበ ልጅ የራሱን ቀበቶ ረሳ። እኔ ደግሞ የውሻውን ረሳሁ። አይ፣ ውሸቴን ነው፣ እኔስ አልረሳሁም። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር።

ሐኪሙ እግሩን ለማትረፍ እስከ ትናንት ለፋ። ዛሬ ጠዋት አስጠርቶኝ እግሩ መሞቱን ነገረኝ። ወይ ነገ ጠዋት ይቆረጣል፣ ወይ በመርፌ ያስተኙታል፣ ዳግመኛ አይነቃም። «በሦስት እግር ይኖራል፣ ብዙ አይቻለሁ፣ እንዲያውም ይሮጣል። ግን አጠገቡ ሰው ይፈልጋል። ወስደሽ መልሰሽ የምታስሪው ከሆነ ንገሪኝ፣ በከንቱ አላሠቃየውም» አለኝ። ጸሐፊዋ ካርዱን አይታ የልጄን ስም ጠራችና «ባለቤቱ ይምጣና ይፈርም» አለች። አይመጣም አልኳት። «ታዲያ የዚህ ውሻ ባለቤት ማን ነው፣ እናቴ?» አለችኝ። ወጥቼ እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ይህን ደብዳቤ ጀመርኩልሽ። ይሙት ወይስ ይኑር፣ አንቺ ወስኚልኝ ልልሽ ነበር።

ከመወሰንሽ በፊት ግን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ወደ አንቺ ስልከው ሜዳ እንዲያገኝ ብቻ ብዬ አልነበረም። ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ወደ በሩ ይዞራል። እስኪጨልም አይነቃነቅም። እኔ ያን ማየት አቃተኝ። አንዳንድ ቀን ልጄ ሞቶ ይሄ ለምን ይበላል፣ ለምን ይጠጣል እያልኩ እጠላው ነበር። ቅዳሜ ያን ገመድ ሁለተኛ ጊዜ ያላየሁት ስለቸኮልኩ ይሁን ወይስ ስላልገደደኝ፣ እስካሁን ራሴን እየጠየቅሁ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። እግዜር ይወቀው እንጂ እኔስ አላውቀውም።

እዚህ ላይ አቋርጬ ነበር። አስታማሚዋ «ውሃ አልጠጣ ብሏል፣ አንቺን ቢያይ ምናልባት» ብላ ጠርታኝ ገባሁ። ጨርቅ ላይ ተጋድሟል፣ ዓይኑን እንኳ አልገለጠልኝም። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ በውጭ በኩል ሞተር አለፈ። ጆሮው ቆመ። በዚያ በሞተ እግሩ ሊነሳ ታገለ፣ እታለሜ፣ በዚያ እግሩ! ትከሻውን ይዤ «አይደለም፣ አውሎ። እሱ አይደለም። ከእንግዲህ አይመጣም» አልኩት። አራት ወር ሙሉ ለራሴ ያላልኩትን ለእሱ አልኩት። ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ፣ እንዴት እንዳለቀስኩ አልነግርሽም። አስታማሚዋ በሩን ዘግታልን ወጣች። ድምፄ እስኪጠፋ ሲጠብቀኝ ቆይቶ ራሱን ጉልበቴ ላይ ጣለ። ውሃውን በግራ እጄ መዳፍ አቀረብኩለት፣ ጠጣ።

ወጥቼ እግሩ ተቆርጦ እንዲኖር ፈረምኩ። ባለቤት በሚለው ቦታ የራሴን ስም ጻፍኩ። በዚህ እጄ ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ እንጃ፤ ከኋላዬ ድመት ያቀፈ ሰውዬ «ማዘር፣ መጽሐፍ ነው እንዴ የሚጽፉት?» ሲል ጸሐፊዋ ገላመጠችው።

ስለዚህ ውሳኔውን ከአንቺ ላይ አንስቻለሁ። የምለምንሽ ሌላ ነው። ውሻውን ብቻ ተቀበይኝ አልልሽም። ሁለታችንንም ተቀበይን። ወደ ተከራየሁት ቤት ልመልሰው አልችልም፤ ያን ሰንሰለት መልሼ አንገቱ ላይ አላደርግም። ቤቱን እለቃለሁ። ልጄ ያደገበትን፣ ቁመቱን ግድግዳው ላይ የለካሁበትን ቤት እለቃለሁ። ክፍል ከሌለሽ እህል የምታስቀምጪበት ጥግ ይበቃናል። ጠዋት ጠዋት እኔ ራሴ ይዤው እወጣለሁ፤ እሱ በሦስት እግሩ፣ እኔ በዚህ ጉልበቴ፣ የትም አንደርስም፣ ግን እንወጣለን። እምቢ ብትዪኝ አልቀየምሽም። አላስተኛውም፣ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። ግን እታለሜ፣ ሌላ ቦታ የለኝም።

ለባለቤትሽ በጣም አድርጌ ሰላም ብያለሁ በይልኝ፤ ከቻለ በጉድጓዱ በኩል ያለውን የአጥር ክፍተት ይድፈንልኝ። ለአማትሽ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ፤ መጀመሪያ ሰሞን ከዘራቸውን ወደ እሱ እንዳያነሱ አደራ በያቸው፣ ይደነግጣል። ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ስንመጣ ሮጣ እንዳታቅፈው፤ ቁጭ ብላ ትጠብቀው፣ እሱ ራሱ አሽትቶ ይቀርባታል። ለዶሮዎችሽም ሰላምታዬ ይድረስ፣ እስኪላመዱ ድረስ ግን ከቤት አታውጫቸው።

ለአንቺ ሰላምታ በወረቀት አልልክም። በአፌ እንድነግርሽ ፍቀጂልኝ።

ታናሽ እህትሽ

ከእንስሳት ሕክምናው ግቢ፣ ረቡዕ፣ በወሩ አሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል