በልጇ አፍ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ትምህርት ቤቱ ለልጆቹ ያደለውን ታብሌት ዛሬ ለወላጆች ስናስረዳ ዋልን። ፓስወርዱን ልጅ እንዳያውቀው፣ የማይታወቅ ሰው ከጻፈ ቶሎ ብሎክ ይደረግ፣ ይህን ሁሉ። እኔ የምናገረው አማርኛ፣ የተማሪዬ የኛማል እናት ኑዌርኛ ብቻ። ኑዌርኛ የሚችለው መምህር ለሥራ ኢታንግ ሄዷል፤ ምትክ ያሰበ የለም። ስለዚህ ያስተረጎመችልን ስድስተኛ ክፍል የምትማረው ኛማል ራሷ ናት። እናቷ ፊደል ስላልቆጠረች ፓስወርዱንም የመረጠችው ልጅቷው ናት። እኔም ይሁን አልኩ።

ታብሌቱን ስከፍተው አንድ ሰውዬ ጽፎላታል። «ፎቶሽን ላኪልኝ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» ይላል።

«ይሄ ሰው አደገኛ ነው ብለሽ ለእናትሽ ንገሪያት» አልኳት።

ኛማል አንገቷን ደፍታ ረዘም አድርጋ ነገረቻት። የእናትየዋ ፊት በራ። እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ በልጇ አፍ «አመሰግናለሁ መምህር» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ነገር የሰማች እናት ፊቷ አይበራም።

ጋምቤላ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ከኑዌርኛ የያዝኩት ሰላምታውን ብቻ ነው። «ማሌ» አልኳት፣ ሌላ ምን ልበል? «ማሌ» ብላኝ፣ ስቃ፣ ልጇን ይዛ ወጣች። ሰውዬውን ብሎክ አድርጌዋለሁ። ኛማል ቤት ስትገባ መልሳ ትከፍተዋለች፤ ፓስወርዱ የሷ ነው።

ከሰዓት ርዕሰ መምህሩ ወረቀት አመጣልኝ። «ወላጆች በሚገባቸው ቋንቋ ተረድተዋል» ይላል።

ፈረምኩ።