ጸጥ ሲል የሚወድቀው ማሽን

ሰኞ

ማሽኑ እንደገና ወደቀ፤ ማለትም ሥራውን አቋርጦ ቆመ። መቅደስ ስትደውልልኝ ከአባዬ ጋር የዓይን ሐኪሞቹ ወረፋ ላይ ነበርኩ። ጫጫታው ስለበዛ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አስደገምኳት። "ወደቀ ነው የምልሽ፣ ያው እንደ ባለፈው።" አዲስ አበባ ቢሮ፣ ከትልቁ ማሽን፣ ከሰርቨሩ አጠገብ የምትቀመጠው እሷ ናት። ኮዱን የምጽፈው እኔ፣ የምትፈትነው እሷ።

ሐኪሞቹ ለዚህ ሳምንት ብቻ ነው ወደ ሸዋ ሮቢት የወረዱት። የአባዬን የዓይን ሞራ አይተው ለሐሙስ ቀጠሩን። ግራ ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ምንም አያይም፤ ቀኙም እየደከመ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጣርማ በር ጠመዝማዛ አይሱዙ ሲነዱ የኖሩ ሰው፣ ዛሬ ባጃጅ ላይ ለመውጣት መርገጫውን በእግራቸው ዳሰሱ። እኔ ወደ ሌላ አየሁ።

ከአስር ሶላት በኋላ በረንዳው ላይ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ላፕቶፑም እኔም እናለከልካለን። እስካሁን የማውቀው፦

ሙሉ ቀን ከባድ ጭነት፣ ማለትም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያዘውን ሥራ፣ ተሸክሞ ውሏል፤ ምንም አልሆነም።
ጭነቱ ካበቃ በኋላ ወደቀ።
ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሰው ሲደክመው ይወድቃል እንጂ አርፎ ሲቀመጥ ይወድቃል?

ማክሰኞ

አባዬ ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚህ በፊትም ጠይቀውኛል፤ "ኮምፒውተር ነው" እያልኩ ነበር የማልፋቸው። ዛሬ ግን አልለቀቁኝም። ማየቱ ሲደክምባቸው መስማቱን አጠበቁ መሰለኝ።

እንዲህ አልኳቸው። በኮምፒውተር ውስጥ ከሁሉም ሥር ሆኖ ሌላውን ሁሉ የሚያስተዳድር ፕሮግራም አለ፤ ከርነል ይባላል። አንድ ፋይል ሲከፈት ከርነሉ ሜሞሪ ላይ ቦታ ይሰጠዋል። ያንን ፋይል ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሊያነበው ስለሚችል ቆጣሪ ይደረግበታል። አንዱ ማንበብ ሲጀምር ቆጣሪው በአንድ ይጨምራል፣ ሲጨርስ በአንድ ይቀንሳል። ዜሮ ከሆነ የሚፈልገው የለም ማለት ነው፤ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

"ይሄ ምኑ ይከብዳል?" አሉኝ።

የሚከብደው ኮሮቹ ሲበዙ ነው። የእኛ ሰርቨር ውስጥ ብዙ ኮሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው የሚያስብ አንጎል በሉት። ሁሉም በአንዱ ቆጣሪ ላይ ልጻፍ ሲሉ አንዱ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ኮር ስንጨምርለት ይፈጥናል ስንል ጭራሽ ይንቀራፈፋል። እኔ ያደረግሁት ለእያንዳንዱ ኮር የራሱን ትንሽ ቆጣሪ መስጠት ነው። ማንንም ሳይጠብቅ የራሱ ላይ ይጽፋል፤ አልፎ አልፎ ብቻ የያዘውን ወደ ዋናው ቆጣሪ ያስረክባል።

ቀና ስል አባዬ አንቀላፍተዋል።

ለራሴ ልቀጥል። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፤ ከእኔ በፊት ያሰቡት ሰዎች አሉ፣ እኔ ለእኛ ከርነል አስማማሁት። ግን ካለፈው ክረምት ጀምሮ አብሬው ኖሬ እንኳን አሁንም ያስደንቀኛል። አንድ ፋይል በዚህኛው ኮር ላይ ተከፍቶ በዚያኛው ላይ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ የአንዱ ኮር ቁጥር ከዜሮ በታች ወርዶ ታገኘዋለህ። ለብቻው ሲታይ እብደት ነው፤ ከምንም በታች የሚያነብ ሰው የት አለ? የሁሉም ሲደመር ግን ልክ ይመጣል። በየትኛዋም ቅጽበት ሙሉውን የሚያውቅ አንድም ኮር የለም። ማሽኑ ግን አይሳሳትም።

አይሳሳትም ነበር፣ ማለቴ ነው።

ዋናው ቆጣሪ ዜሮ ሲያሳይ ወዲያው አላምነውም። ኮሮቹ ሁሉ የያዙትን እስኪያስረክቡ ይጠበቃል። ከዚያም በኋላ ዜሮ ከሆነ ብቻ ቦታው ይለቀቃል። ይህን ክፍል ደጋግሜ አነበብኩት። ትክክል ነው። ሦስት ሰው አንብቦታል። ትክክል ነው። ማሽኑ ይወድቃል።

ረቡዕ

ከመውደቅ የባሰ ነገር አለ።

መቅደስ ጠዋት ደወለች፤ ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ትናንት ማሽኑ አልወደቀም። ግን አንድ ፋይል ስታነብ የሌላ ፋይል ጽሑፍ መጣላት። እየተነበበ ያለውን ፋይል ከርነሉ "የሚፈልገው የለም" ብሎ ቦታውን ለሌላ ሰጥቶት ነበር።

ይህ ማሽን የሚገዛው ለሆስፒታሎች ነው። የላቦራቶሪ ውጤት ሊቀመጥበት። ጠዋት ጠዋት ሐኪሙ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚከፍት አሮጌው ቆጣሪ ይታነቃል፤ የእኔን የፈለጉት ለዚያ ነው።

እዚህ መብራት ጠፋ፣ ኔትወርኩም አብሮ። ባጃጅ ይዤ አውራ ጎዳናው ላይ ወዳለው ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ሄድኩ። ሽንኩርት የጫኑ መኪኖች በሩ ላይ ተደርድረው ሞተራቸውን አላጠፉም፤ በዚያ ጩኸት መካከል ከአለቃችን ከአቶ ብርሃኑ ጋር በስልክ ተነጋገርን። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጭንቅ ውስጥ ናቸው።

"ጭነት ላይ እያለ እኮ ምንም አይሆንም" አሉ። "ሆስፒታል ደግሞ መቼ ነው ጭነት የማይኖረው? በዚሁ እንጀምርና እያረምን እንሂድ።"

"አይሆንም" አልኳቸው።

"ሰዓዳ፣ ቀን ቆርጠናል።"

"የአንዷን እናት የደም ውጤት ለሌላዋ ቢያሳይስ፣ አቶ ብርሃኑ? ሐኪሙ በምን ያውቃል? ማሽኑ ከወደቀ ቢያንስ መውደቁ ይታያል።"

"እስከ ዓርብ ማታ ምክንያቱን ካላገኘሽ አሮጌውን እንመልሳለን፣ የአንቺንም እንተወዋለን" አሉ። ትክክል ናቸው።

ቤት ስደርስ አባዬ "ምን ሆነሻል?" አሉኝ። ምንም አልሆንኩም አልኳቸው። ነገ ዓይናቸውን የሚቀደዱት እሳቸው ናቸው፣ የእኔን ጭንቀት ምን ያደርጉታል? እሳቸውም ፈርተዋል። ራዲዮ ከፍተው አንዱንም ጣቢያ ሳያዳምጡ ያዟዙሩታል።

ሐሙስ

አገኘሁት።

አባዬን በጠዋት አስገቧቸው። በሩ ላይ እጄን ጨበጥ አድርገው "ዱዓ አድርጊልኝ" አሉና ነርሷን ተከትለው ገቡ። እኔ ጥላው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ከገጠር የመጡ እናት አጠገቤ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ዱዓዬን አደረግሁ። ከዚያ ዝም ብዬ ስቀመጥ መቅደስ መልእክት ላከች፦

"ጭነቱን ሳልቀንስ አቆየሁት፣ ደህና ነው። ቀነስኩት፣ ተበላሸ። መልሼ ሞከርኩ፣ ያው።"

ሳምንቱን ሙሉ "ለምን ይበላሻል" እያልኩ ነበር። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ መጣልኝ። ጭነት ሲቀንስ ማሽኑ ምን ያደርጋል? ሥራ ያጡት ኮሮች ይተኛሉ። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ። የተኛ ኮር የያዘውን ማን ያስረክብለታል?

ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ከፈትኩ። የራሴ ጽሑፍ ነው፣ ደጋግሜ ካነበብኩት ክፍል ውጭ ሌላ ቦታ ቁጭ ብሏል፦ የተኙ ኮሮችን አትጠብቅ፣ ሥራ የላቸውምና የሚያስረክቡት የለም። በከንቱ እንዳላስነሳቸው ብዬ አዝኜላቸው የጻፍኩት መስመር።

ግን የሚያስረክቡት አላቸው። አንድ ኮር ለአንድ አንባቢ ፋይል ይከፍታል፤ የራሱ ቆጣሪ ላይ አንድ ይጨምራል። ጽሑፉ ከዲስኩ እስኪመጣ አንባቢው ይጠብቃል። ኮሩ ሌላ ሥራ ስለሌለው ይተኛል፣ ያቺን አንድ እንደ ያዘ። ሌሎቹ አንባቢዎች ይጨርሳሉ፣ ይቀንሳሉ። ዋናው ቆጣሪ ዜሮ ይላል። የነቁት ኮሮች ሁሉ የያዙትን ያስረክባሉ፤ አሁንም ዜሮ። የተኛውን የጠየቀው የለም። ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ከዚያ ዲስኩ መልስ ይዞ ይመጣል፣ ኮሩ ይነቃል፣ አንባቢው ማንበብ ይጀምራል፤ የሌላ ሰው ፋይል። ቦታው ባዶ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ይወድቃል።

ጭነት ሲበዛ ለምን ደህና እንደሚሆን ገባኝ። ሥራ ሲበዛ ማን ይተኛል?

ሳላስበው ብድግ ብያለሁ። መቁጠሪያ የያዙት እናት "ልጄ፣ መጥፎ ወሬ ነው?" አሉኝ። "አይ እናቴ፣ ደህና ነው" አልኩና ተቀመጥኩ። ማስተካከያው ጥቂት መስመር ነው። ኮር ከመተኛቱ በፊት የያዘውን ያስረክብ፤ ሳያስረክብ አይተኛ። ጽፌ ጨርሼ በስልኬ ኔትወርክ ላክሁላት።

አባዬ ግራ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ ወጡ። ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ትንፋሽሽ ምነው ተቻኮለ?" አሉኝ። "የተቀደድኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?"

ዓርብ

ጠዋት ፋሻውን ፈቱላቸው። ነርሷ ቀስ ብላ ዓይናቸውን ጠራረገችና "ይክፈቱት" አለቻቸው። አባዬ መጀመሪያ ወደ መስኮቱ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፣ ብዙ ቆዩ። ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።

"ከስተሻል" አሉኝ።

ውጭ ስንወጣ ቆሙ። ከከተማው በላይ ገደሉ ሁሉ ጠዋቱ ላይ ቁልጭ ብሏል። በጣታቸው መንገዱን ከታች ወደ ላይ ተከተሉት፤ ይኸው ወደ ደብረ ሲና መውጫው፣ ይኸው ከዚያ በላይ ጉሙ የተኛበት። "ሱብሃነላህ" አሉ በለሆሳስ። ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሲሄዱ ክንዳቸውን ልይዝ ብል እጄን ቀስ አድርገው መለሱት።

ብቻዬን ስቀር መቅደስ የእሷ ስክሪን በእኔ ላፕቶፕ ላይ እንዲታየኝ አደረገች። መጀመሪያ ጭነቱን። በጥቂት ኮሮች ጀመረች፣ ጨመረች፣ ደግሞ ጨመረች። ግራፉ ላይ መስመሩ ይወጣል። አሮጌው ቆጣሪ ጎብጦ ቁልቁል የሚመለስበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ እዚያ ሲደርስ ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ። አልጎበጠም። የመጨረሻው ኮር እስኪገባ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ከዚያ "አሁን ላቁመው?" አለችኝ።

"አቁሚው።"

ጭነቱ ቆመ። ኮሮቹ አንድ በአንድ ይተኙ ጀመር፤ እያንዳንዱ ከመተኛቱ በፊት ያስረክባል። ፋይሎቹ ይለቀቃሉ፣ የተያዘው ሜሞሪ ይወርዳል። ዝቅ፣ ዝቅ፣ ከመጀመራችን በፊት ወደ ነበረበት። አንድም የቀረ የለም፣ አንድም ያለ ጊዜው የሄደ የለም። ያን ሁሉ መክፈትና መዝጋት ማንም ከላይ ሆኖ አልተቆጣጠረውም። እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ጻፈ፣ የራሱን ብቻ አስረከበ፣ ተኛ። ይህን የማየው እኔ ጽፌው ነው፤ እንደዚያም ሆኖ አስደነቀኝ። ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠናል።

አባዬ ከመስጊድ ሲመለሱ ግራፉ እንደተከፈተ ነበር። አጎንብሰው በአዲሱ ዓይናቸው አዩት።

"ይሄ ነው ሥራሽ?"

"ይሄ ነው።"

"ኩርባ የለውም" አሉ፣ በመንገድ ዓይን አይተውት።

"እንዳይኖረው ነው የለፋሁት።"

ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ እኔ የዓይን ጠብታቸውን ሳዘጋጅም ከስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

ቅዳሜ

አቶ ብርሃኑ ራሳቸው ደወሉ። የመቅደስን ውጤት አይተዋል። "ሰኞ በአንድ ሆስፒታል ብቻ እንጀምራለን" አሉ፣ "በትንሹ፣ እያየን።" ቀጥለውም "ረቡዕ እምቢ ማለትሽ ደግ ነው" አሉኝ። "እሺ" አልኳቸው።

ደስ ብሎኛል። ፈርቻለሁም። ያን መስመር ስጽፍ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ሌላም እርግጠኛ የሆንኩበት መስመር ስንት አለ? ዛሬ ጠዋት ኮዱን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደ ሌላ ሰው ሥራ አነበብኩት። ሁለት ቦታ ምልክት አድርጌያለሁ። ምናልባት ምንም አይደሉም።

መቅደስ ቅዳሜም ሆኖ ቢሮ ገብታ ስትሞክር ውላለች። ጭነት አብዝታ፣ አሳንሳ፣ ድንገት አቋርጣ። ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ ድካሙ በድምፅዋ ይሰማኝ ነበር።

"የቀረኝ የለም" አለችኝ። "ምን ላድርገው?"

"ምንም አታድርጊው። ይተኛ።"

እሷም ወደ ቤቷ ሄደች። አባዬ በረንዳው ላይ ናቸው፣ በአውራ ጎዳናው የሚያልፉትን መኪኖች ታርጋ በሩቁ እያነበቡ። እኔ በየጊዜው ስክሪኑን አያለሁ። ማሽኑ እስካሁን ተኝቷል፤ አልወደቀም።