ስለ ዕፀገነት ኩላሊትና ስለ መጋዘኑ ቁልፍ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፤

በቅድሚያ እንደምን ከረሙ እያልኩ፣ በቅርቡ በአንድ ስብሰባ መድረክ ላይ ፊትዎ ወዝቶ ስላየሁ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። እኔ፣ ጥር ላይ የእህል ክምራችን ሲነድ አጠገቡ የታሰረ ጥጃ ልትፈታ ገብታ ክፉኛ የተቃጠለችውን ባለቤቴን ዕፀገነትን ይዤ እርስዎ ዘንድ የመጣሁት የጋይንቱ ገበሬ ነኝ። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፤ በእኛ ሰፈር የተቃጠለ ሰው ውሃ ከጠጣ ቁስሉ ውሃ ይቋጥራል ስለሚባል፣ ዕፀገነት እየለመነችን ውሃ ከልክለናት ነበር። ባለሙያዎችዎ ይህን ሲሰሙ ክፉኛ ተቆጡን፤ ቁጣውም ይገባናል። የተቃጠለ ሰው የገላው ውሃ በቁስሉ በኩል እንደሚያልቅ፣ ያን ጊዜ ኩላሊቱ እንደሚጎዳ አብራርተው አስተማሩን። እንዲህ ያለ ትምህርት ከየት ይገኛል?

፪ኛ፤ ትምህርቱ አልቆ በደም ሥሯ የሚገባው ግሉኮስ ሲፈለግ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ከንብረት ክፍሉ ባለሙያ ጋር ወደ ሥልጠና መሄዱ ተነገረን። በመስኮት አጮልቄ ካርቶኖቹን አየኋቸው፤ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። የመንግሥት ንብረት እንዲህ ሲጠበቅ ማየት ያኮራል። እኔ ከተማውን ዞሬ ጥቂት ይዤ እስክመለስ ግን መሽቶ ነበር።

፫ኛ፤ ሽንቷ እንደ ሻይ መጥቆሩን፣ ቀጥሎም ጨርሶ መቅረቱን ደጋግሜ ባመለክት እንድታገሥ ተመከርኩ። ታገሥኩ። ኩላሊቷ ግን ትዕግሥት የለውም ኖሮ ሥራውን አቆመ።

የአምቡላንሱን ነገር አላነሳም፤ እንግዳ ሊቀበል ሄዶ ስለነበር ወደ ባሕር ዳር በሚኒባስ ወሰድናት።

ዛሬ ዕፀገነት ባሕር ዳር የኩላሊት እጥበት ላይ ናት። ቁስሏ እየደረቀ ነው፤ ኩላሊቷ ይመለስ አይመለስ ግን ሐኪሞቹም አያውቁም። ትንሿ ልጃችን እናቷን በስልክ ስታያት ትሸሻለች። ይህን ሁሉ በጨዋ ቋንቋ መጻፍ እንዴት እንደሚያንገበግብ ለእርስዎ ማስረዳት አልችልም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገ ሌላ የተቃጠለ ሰው ይመጣልና እባክዎ ለመጋዘኑ ሁለተኛ ቁልፍ ያስቀርጹ።

ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለካርቶኖችዎ ረጅም ዕድሜን ከልብ የምመኝ፣
ደጅዎን ሲጠና የከረመው ትሑት አገልጋይዎ፣
ቀለመወርቅ ይበልጣል

ሳልዘነጋው፦ እኛ ባለማወቅ ውሃ መከልከላችንን ለእድራችን ተናግረን፣ ሰፈሩ ሁሉ ዳግመኛ የተቃጠለ ሰው ውሃ እንዳይከለክል ተመክሯል። እያወቀ የከለከለውን የሚመክር እድር ግን እስካሁን ፈልገን አላገኘንም።