ስለ ስድስተኛው ኩርባና ስለ ግራጫው ጭቃ

ለተከበሩ የተራራ ብስክሌት መንገድ ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ብዙ ደብዳቤ ገብቶ አንድም ለማይወጣበት ለዚያ ሰፊ ቢሮዎ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ? ጉልበትዎስ? እንቅልፍዎ ሰላማዊ እንደሆነ ግን አልጠይቅም፤ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ። እኛ በተራራው ግርጌ የምንኖረው፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እስከዚህች ሰዓት ድረስ ደህና ነን።

ምናልባት ባያስታውሱኝ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ባለችው ባለ አንድ ክፍል ሱቅ ውስጥ ብስክሌት የምጠግነው ሴትዮ ነኝ። ሱቋ የአባቴ ነበረች። አባታችን ሲያርፍ መፍቻዎቹ ለእኔ፣ ተራራው ደግሞ ለታናሽ እህቴ ደረሰ ብል አልዋሸሁም። እህቴ የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ ተማሪዎቿ ከፊቷ «ቲቸር»፣ ከኋላዋ «ካርታ» ይሏታል። ከሥራ በኋላ ያለ ብስክሌት አትታይም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት በፖስታ የታሸጉት የእህቴ ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው። ሦስቱም መዝገብ ላይ ሰፍረው ቁጥር ሲሰጣቸው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ውሃ በላቸው። ስለዚህ የፊታችን እሑድ ከሚደረገው የምረቃ ውድድር በፊት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ሠሩልን መንገድ አመሰግናለሁ። እዚህ ላይ ሽሙጥ የለም፤ ከልቤ ነው። ቀድሞ በብስክሌት ከተራራው የሚወርድ ሰው የነበረው ያው አሮጌው የእግር መንገድ ነበር። እሱን ማንም አልነደፈውም፤ ሰው፣ ከብትና ጎርፍ ለዘመናት ተባብረው ያወጡት ነው። ሥር አለው፣ ሹል ድንጋይ አለው፤ ሁለት ቦታ ላይ ወርደው ብስክሌቱን ካልተሸከሙት አያሳልፍም። በዚያ የሚሄዱ ደንበኞቼ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ቅልጥማቸው ላይ ጠባሳ የሌለበት አንድም አልነበረም። የእርስዎ መንገድ ግን ቀይ አፈሩ ተጠቅጥቆ እንደ ሊሾ ያበራል፤ ኩርባዎቹ እንደ ሳህን ጠርዝ ወደ ውጭ ከፍ ብለው ጎማን ያቅፋሉ፤ ጉብታዎቹ ርቀታቸው ተለክቶ የተደረደሩ ናቸው። በተከፈተ ሳምንት ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ፍሬን ሳልነካ ከላይ እስከ ታች ወረድኩና በአምሳ ሁለት ዓመቴ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ደግሜ ወጣሁ። ሠለስኩት። መንገዱ ቀጥሎ የምፈልገውን ሳልጠይቀው ያቀብለኛል፤ ማሰብ አልነበረብኝም፣ ማየትም ቢሆን ከፊት ጎማዬ በላይ አላስፈለገኝም።

እህቴም አንድ ጊዜ ወረደችበት። ስትመለስ ግን መንገዱ እንደ ዕቃ ተሸክሞ እንዳወረዳት፣ ተራራውንም ጭራሽ እንዳላየችው ነገረችኝ። ቅናት መሰለኝ። በአሮጌው መንገድ ያፈሰሰችው ላብ በአንድ ቀን ከንቱ ሲሆን ያንገበገባት መስሎኝ ይህንኑ በፊቷ ተናገርኩ፤ ሳምንት ሙሉ ተኳረፍን።

ሁለተኛ፣ አሮጌውን መንገድ በሽቦ አጥረው «ለደህንነትዎ ሲባል መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ስላቆሙልን አመሰግናለሁ። ያ መንገድ እርስዎ ስድስተኛውን ኩርባ ካሠሩበት ትከሻ ላይ ሲደርስ፣ ሰላም ሊለው የማይፈልገውን ሰው እንዳየ መንገደኛ ድንገት ታጥፎ ረጅም ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ነበር። ለምን እንደሚታጠፍ ጠይቄ አላውቅም። እህቴ እንደምትለው ያ ትከሻ በበጋም ከውስጥ እርጥብ ስለሆነ፣ የቀደሙት ሰዎች እግራቸው ነግሯቸው ሸሽተውታል። የእርስዎ ባለሙያዎች ግን ተመልካቹ ዝላዩን ከታች ሆኖ እንዲያይ ሲሉ በዚያው ትከሻ መሐል ለመሐል ቆርጠው አለፉ። ማሽኑ ሦስት ቀን ቆፈረ። ከሥሩ ያለውን ሜዳ ደግሞ ለክብር እንግዶች መቀመጫ መረጡት፤ ከሜዳው ቀጥሎ ያለው የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ነው።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ጭቃው ነው፤ ይህን እንኳ የማውቀው ከእጄ ነው። የበልጉ ዝናብ እንደገባ ከእርስዎ መንገድ የሚመጡት ብስክሌቶች ቸርኬና ሰንሰለታቸው ላይ ግራጫ ጭቃ ይዘው መምጣት ጀመሩ። መንገዱ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። ይህ ግን እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ፣ ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ በውሃ የማይለቅ ነገር ነበር። ከአንዱ ብስክሌት ቴላዮ፣ ከብረት አካሉ፣ ላይ በጣቴ ጠርጌ ለእህቴ አሳየኋት፤ ከኩርፊያችን በኋላ ያወራነው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነበር። በሁለት ጣቶቿ መሐል አሸችው። ከዚያ ባለብስክሌቶቹን አንድ በአንድ የት እንዳገኙት ጠየቀች። ሁሉም ስድስተኛው ኩርባ አሉ።

«ይሄ በጎርፍ ከላይ የመጣ አይደለም» አለችኝ። «ተራራው ከሆዱ እያወጣው ነው።»

በማግስቱ ሽቦውን ተሻግራ ወጣች። ከኩርባው በላይ ሣሩ መሐል፣ እጇን እስከ አንጓዋ የሚያስገባ፣ የአንድ መማሪያ ክፍል ያህል የሚረዝም ስንጥቅ አገኘች። በወዲህና በወዲያ ችካል መትታ በሜትር ለካችው፤ በሳምንቱ ስትለካው አራት ጣት ሰፍቷል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ያን ዕለት ጻፈችልዎ። እርስዎም ቸል አላሉም፤ ሠራተኞችዎ በጋሪ ቀይ አፈር አምጥተው ስንጥቁን ሞሉት፣ በእግራቸው ረገጡት፣ ከላዩም ሣር ተከሉበት። ስንጥቁ ባይድንም አምሮበታል። በዚያው ሰሞን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችው ምንጭ ደረቀች። ልብ ይበሉልኝ፣ ዝናብ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወርደው ሰንብቶ ነው የደረቀችው። ያ ሁሉ ውሃ የት እንደገባ እህቴ በሁለተኛው ደብዳቤ ጠይቃዎት ነበር።

አራተኛ፣ እህቴን ከድካም ስላሳረፉልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሦስተኛውን ደብዳቤ ባስገባች በነገታው ጥበቃው፣ አስር አለቃ የምንለው ጡረተኛ ወታደር፣ በተከለከለው መንገድ ላይ ሜትር ይዛ አገኛትና ብስክሌቷን ወረሰ። ከጽሕፈት ቤትዎም ሕዝብ ታስደነግጣለች የሚል ማስጠንቀቂያ ለትምህርት ቤቱ ደረሰ። የዚያ ሳምንት ትምህርቷ እንደ አጋጣሚ የመሬት መንሸራተት ነበር፤ ምዕራፉን ዘልላ ወደ ንፋስ አቅጣጫዎች እንድትሄድ ታዘዘች። ማታ ቤት ገባች። የጠመኔ እጇን ሳትታጠብ ተቀምጣ ግድግዳውን ስታይ ልቤ ስንጥቅ አለ። ቅናት ነው ያልኩት እኔ ነኛ።

ከዚህ በላይ የማስቸግርዎ ነገር ባልኖረ ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው ረቡዕ ቀትር ላይ አስር አለቃ የእህቴን ብስክሌት እየገፋ ሱቄ ደጃፍ ቆመ። ሌላ ማስጠንቀቂያ የያዘ መስሎኝ ፊቴን አጠቆርኩበት። እሱ ግን የደንበኛ ዱካዬ ላይ ተቀመጠና ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። የጥበቃ ቤቱ፣ ያ ስድስተኛው ኩርባ ጥግ ያለው፣ በሩ አልዘጋ ብሎት አናጢ አስጠርቶ ነበር። አናጢው ጠርዙን ላጠለት፤ በሩ ገጠመ። በአሥረኛው ቀን እንደገና ነከሰ፤ እንደገና ላጠው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አናጢው መላጊያውን ከከረጢቱ እንኳ አላወጣም።

«በሩ ምንም አልሆነም አለኝ» አለ አስር አለቃ። «ቤቱ ነው የሚሄደው።»

እህቴ ለምሳ ስትመጣ ቆሞ ይቅርታ ጠየቃት። ብዬ ነበር፣ አልሰማችሁኝም የሚል አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም፤ በሩ በየትኛው ማዕዘን እንደሚነክስ ብቻ ጠየቀችው። በተራራው በኩል፣ ከላይ አላት። አንገቷን ነቀነቀች፤ ምሳዋን ግን አልበላችም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ወጣን። የተተከለው ሣር ለሁለት ተከፍሏል። ከስንጥቁ በላይ ያሉት ዛፎች ሁሉም ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ታች፣ አዘንብለዋል። ጎንበስ ብዬ ሳደምጥ ከእግሬ ሥር ወፍራም ጨርቅ ቀስ ተብሎ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ። እህቴ ሥር ሲበጠስ ነው አለችኝ፤ ልነሣ መሬቱን በእጄ ስደገፍ እሱም የሚያስተማምን አልመሰለኝም። ከታች ሠራተኞችዎ የክብር እንግዶቹን ድንኳን ይተክላሉ፣ ወንበር ይደረድራሉ። በዚያው ቅጽበት አንዲት ተማሪ በስድስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬን ሳትነካ፣ ልክ እኔ እንደሳቅሁት እየሳቀች አለፈች።

ክቡር ሆይ፣ ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። እንዲያ እየወረዱ ቀና ብሎ ማየት አይታሰብም፤ መንገዱ ለዚያ አልተሠራም። በአሮጌው መንገድ የሚሄድ ሰው ግን በየእርምጃው ተራራውን ካልጠየቀ አያልፍም ነበር። እህቴ ተራራውን ጭራሽ አላየሁትም ስትል የነበረው ይህን ኖሯል።

አስር አለቃ ሰኞ ጠዋት ለአለቃው ሪፖርት አደረገ፤ ሌላ አናጢ ፈልግ ተባለ። እሱም ስድስተኛውን ኩርባ በገመድ ዘግቶ ቆመ፤ ከቀትር በፊት ከሥራ ተሰናበተ፤ ገመዱም ተነሣ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ ማስጠንቀቂያዎን እንደተቀበሉ ሁሉ የደረቀችውን ምንጭም ሄደው ስላዩ፣ በተራራው በኩል ያሉትን አራት ክፍሎች ለቀው ተማሪዎቹን በፈረቃ ወደ ሩቁ ሕንጻ አዛውረዋል። እኔም መፍቻዎቼን ጭኜ አክስቴ ግቢ ገብቻለሁ፤ ይህን የምጽፍልዎ ከዚያ ነው።

አምስተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለሰጡኝ ሹመት ነው። በውድድሩ ደንብ መሠረት የሠላሳ አንዱንም ተወዳዳሪዎች ብስክሌት እንድመረምርና ያለ እኔ ፊርማ ውድድሩ እንዳይጀመር ወስነዋል። ሠላሳ አንዱንም ፈትቼ አይቻለሁ። ፍሬናቸው ይይዛል፣ ጎማቸው ደህና ነው። ነገር ግን ቅጹ ከታች «ለውድድሩ ምንም ስጋት አለመኖሩን አረጋግጣለሁ» ይላል። እዚያ ላይ እጄ እምቢ አለኝ። አልፈረምኩም፤ አልፈርምምም። ደንቡ የእርስዎ ስለሆነ እንደሚያከብሩት ጥርጥር የለኝም። ሌላ ፈራሚ ከፈለጉ ግን ስሙን በትልቁ ያጽፉልን፤ በኋላ ለመፈለግ እንዳንቸገር።

ለእርስዎ ከፍታን፣ ለተራራው ባለበት መቆየትን እየተመኘሁ፣ ከክብር እንግዶቹ የፊት ረድፍ ላስቀመጡልኝ ወንበር እጅ ነስቼ፣ በታላቅ ትሕትናና በሩቁ፣

ብስክሌት ጠጋኟ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ልልክልዎ ስል ሹፌርዎ አክስቴ ግቢ ድረስ መጣ። ከሠላሳ አንዱ ብስክሌቶች የአንዱ ባለቤት የእርስዎ ሴት ልጅ እንደሆነች እስካሁን አላወቅሁም ነበር። ብስክሌቷን ሊወስድ ነው የመጣው። አትወዳደርም እንዴ ብዬ ብጠይቀው፣ «አባቷ ከልክለዋታል፤ ምክንያቱን አልነገሯትም» አለኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ቀኑን ሲነግረኝ የእህቴ ሦስተኛው ደብዳቤ መዝገብ ላይ የሰፈረበት ዕለት ሆኖ አገኘሁት። ደብዳቤዎቻችን አይነበቡም ብዬ ስላማሁዎ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልጅዎን ሰላም ይበሉልኝ።

ግልባጭ፦
ለቀሩት ሠላሳ ተወዳዳሪዎች ወላጆች፣ በየቤታቸው፣ በእጅ የተሰጠ